ሳይመረጥ የቆየው ሞተር

ልጄ ትቶት የሄደው ጀልባ ሁለት ክረምት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ከረመ። ርዝመቱ ከክንድ ትንሽ ያልፋል። ወረታ ውስጥ የመኪና አካል ከሚጠግኑ ሰዎች በለመነው ፋይበር ራሱ ሠርቶት፣ በብርጭቆ ወረቀት ራሱ አለስልሶት፣ ሰማያዊ ቀለም የቀባው፣ በባትሪ የሚሄድ የእሽቅድምድም ጀልባ ነው። ሰው አይሳፈርበትም፤ ዳር ቆመው በሪሞት ነው የሚነዱት። የጎደለው ሞተሩና ፕሮፔለሩ ብቻ ነበር፤ እነሱም ጠፍተው አይደለም። አጠገቡ ባለ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ሁለት ሞተርና ሦስት ፕሮፔለር ነበሩ። ከሞተሮቹ አንዱን፣ ከፕሮፔለሮቹ አንዱን መርጦ ማጣመር ነበር የቀረው።

«አትንኩብኝ፤ ስመለስ እመርጣለሁ» ብሎ ነው የወጣው። አልተመለሰም። ስለዚህ ያን ጣሳ ከፍቶ የመረጠ ሰው፣ ልጁ አይመለስም ብሎ የፈረደ ሰው ነው። እንዲህ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። እኔና ባለቤቴ ስለ ወጥ ጨው እንኳ ሳንከራከር የማንውል ሰዎች ነን፤ በዚህ ጉዳይ ግን አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አቧራ ስጠርግ ጣሳውን አነሣና ከሥሩ ጠርጌ እዚያው ቦታው ላይ እመልሰዋለሁ። ውስጡ ያለው ብረት እንዳይንኳኳ ቀስ ብዬ ነበር የማነሣው።

ባለቤቴ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን አውጥቶ እንደገና የሚጠቀልል ሰው ነው። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህ ሥራ አጥቶ አያውቅም፤ በበጋ የርብን ውሃ የሚስቡ ፓምፖች ይመጡለታል፣ ከአጨዳ በኋላ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ሞተሮች። ስለ ውሃ የሚያውቀው ሁሉ ከፓምፕ የተማረው ነው። ፓምፕ አየር ከሳበ አለቀለት፤ ውሃው ይቋረጣል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ገበሬው እየተራገመ በአህያ ጭኖ ያመጣዋል። ለባለቤቴ ውሃና አየር አንድ ቦታ ማየት የጥፋት መጀመሪያ ነው።

ልጁ ደግሞ ያንኑ ጥፋት ፈልጎ ነበር። የእሽቅድምድም ጀልባ ሲፈጥን ሆዱ ከውሃው ላይ ይነሣል፤ ያኔ ፕሮፔለሩ ግማሹ አየር ላይ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚገፋው፤ ውሃ ውስጥ የተቀበረ ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትታል ይል ነበር። አባቱ ይህን ሲሰማ ይስቃል።

«ውሃ ያልነካ ክንፍ ምን ሊገፋ ነው? ነፋስ?»

«አባዬ፣ ይሄ ፓምፕ አይደለም እኮ።»

«ውሃ ውሃ ነው» ይለዋል አባቱ። ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ረዘም ያለና ከባድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይዞራል ግን ጉልበት አለው። አባቱ የወደደው እሱን ነው። ሌላው አጭርና ቀላል ሆኖ እንደ እብድ ይዞራል። ከፕሮፔለሮቹ አንደኛው ባለ ሦስት ሰፋፊ ክንፍ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ የሚመስል ትንሽ ጠበብ ያለ። ሦስተኛው ባለ ሁለት ክንፍ ናስ ሲሆን ቀጥቃጩ ጎረቤታችን ከጥይት ቀለህ አቅልጠው የሠሩለት ነው። በዚያን ጊዜ ቀለህ ከየሜዳው እንደ ጠጠር ይለቀም ነበር። እሳቸውም የማረሻ ጫፍ ሲያወጡ በሚጠነቀቁት ጥንቃቄ ነበር ያሳመሩለት።

አባቱ አልሰማው ሲል እኔን ያስተምረኝ ጀመር። የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ይገባታል ብሎ ነው። እራት ላይ ማንኪያዬን ከእጄ ይወስድና ያዞረዋል። «እማዬ፣ ፕሮፔለር እንደ ቡሎን ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ይገባል። ጥምዙ ሰፋ ካለ ባንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ግን ለማዞር ይከብዳል። ሞተሩ ላይ ለአንዲት ቮልት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ተጽፏል፤ አንች በባትሪው ቮልት አባዥልኝ።» አባዛለታለሁ። ቁጥሩ ሲበዛ ዓይኑ ይበራል። «አየሽ፣ ይሄን ለሚያህል ፈጣን ሞተር ትልቅ ፕሮፔለር ብትሰጭው እምቢ አይልሽም። ይሞክራል። እየሞከረ ነው የሚቃጠለው። እምቢ የሚል ሞተር ቢኖር አባዬ ሥራ ይፈታ ነበር።» አባቱም እየሰማ እንዳልሰማ እንጀራውን ይቆርሳል። ከሦስታችን ደስተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ወንዶቹ ሲኮራረፉ በመሀል ገብቶ ሁለቱንም በነገር መንከስ እወዳለሁ።

ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ዘንግ ጋር የምታያይዝ መገጣጠሚያ ጎድላው ነበር፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ናስ ናት። አባቱ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ አወጣልሃለሁ ብሎት ነበር። ወቅቱ የፓምፕ ወቅት ሆነና ነገ፣ ነገ ሲባል ቆየ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተማሪዎች ጀልባ ሊያሽቀዳድሙ ቀን ቆርጠዋልና ልጁ አልታገሥ አለ። አንድ ጧት፣ ይችኑ ዕቃ ገዝቼ እመለሳለሁ ብሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐሙሲት ላይ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ ያየው ሰው አለ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ተኩስ ነበር ተባለ፤ ስልክም ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት አብረውት የተሳፈሩት አንድ በአንድ በየቤታቸው ገቡ። እሱ አልገባም።

የሄድንበትን ሁሉ አልዘረዝርም። ሆስፒታል ሄደናል፣ ጣቢያ ሄደናል፤ በሐሙሲት ሻይ ቤት ሁሉ ፎቶውን ይዤ ዞሬያለሁ። ከአንዱ ታጣቂ ጋር ሄደ ያለ አለ፣ ተይዟል ያለ አለ፣ ወደ መተማ ሲሻገር አየሁት ብሎ የማለም አለ። ሁሉንም አመንኩ። ጣራ ገዳም ወጥቼ ተሳልኩ፤ አንዱ ስለት አልሠምር ሲል ሌላ ጨመርኩበት፤ እንደ ገበያ ሰው ከቅዱሳን ጋር ስከራከር ከረምኩ። ባለቤቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሱቁን ከፍቶ መገጣጠሚያዋን ቶርኖ ላይ አወጣት። የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አልነበረችም። አምጥቶ ጣሳው ውስጥ ጨመራትና «ሲመጣ ተዘጋጅታ ትጠብቀው» አለ። አንድ ክፉ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ቀድመው ይመካከራሉ፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ደጅ ይቆማሉ፤ ባለቤቶቹ በሩን ሲከፍቱ ያን ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ያዩታል። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግም። እኔም መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ልጄን አልቀብርም ብዬ ወሰንኩ። ጎህ ሲቀድ ጆሮዬ ደጅ ነበር። ከአንድ ሰው በላይ ኮቴ ከሰማሁ ተነሥቼ በሩ ሥር እቆማለሁ፤ ወደ ሩዛቸው የሚወርዱ ገበሬዎች ይሆናሉ። መጀመሪያ እፈራ ነበር። በኋላ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ምነው በመጡ ማለት ጀመርኩ። የልጅን መርዶ ከመናፈቅ የከፋ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ሰውም በኛ ነገር ግራ ገባው። ስለ ልጄ እጅ ብልሃት ሳወራ አንዲት ጎረቤት «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ብላ ስትንሾካሾክ ሰማኋት። «የኔ ልጅ አንገቱ አጭር ነው፤ የአባቱን ነው የወሰደው። ደግሞም አልሞተም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልረገጠችም፤ እኔም አልጠራኋት።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከይፋግ መጡ። ዝናብ መትቷቸው ስለነበር ጋቢያቸውን እስኪያደርቁ ስለ ዘሩ፣ ስለ ርብ መሙላት ሲያወሩ ቆዩ። ሲሞቃቸው ወደ መጡበት ነገር ገቡ።

«እቴ፣ እንግዲህ ቁርጡ ይታወቅ እንጅ» አሉኝ። «ሰው ደጃችሁ ሲደርስ የሚለው ጠፍቶታል። እንዴት ከረማችሁ ይበል? ወይስ እግዜር ያጥናችሁ ይበል? ዘመድ ይሰብሰብና ይላቀስ፤ ፍትሐትም ይደረግለት። ያልተለቀሰለት ሰው ሜዳ እንደቀረ ነው፤ ደግ አይዶለም።»

«ጋሼ፣ ለርስዎ መርዶውን ማን ነገረዎት?»

«ኧረ ማንም።»

«ለኔም ማንም አልነገረኝ። ያልተነገረኝን አላለቅስም።»

ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ባለቤቴ መሬት መሬቱን እያየ «እሷ እንዳለች» አለ። በትዳር ዘመናችን እሷ እንዳለች ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ሸክሙን በሙሉ እኔ ላይ ጣለና ተቀመጠ። ተናደድኩበት። ወንድሙ ባይኖሩ የምለውን አውቅ ነበር።

የንስሐ አባታችንም ብዙ ሳይቆዩ መጡ። የባለቤቴ ወንድም ልከዋቸው ይሁን በራሳቸው እንጃ። እሳቸው እንኳ አልቅሱ አላሉንም። «በቅዳሴ ጊዜ የክርስትና ስሙን ከመንገደኞች ጋር አነሣዋለሁ» አሉን። «ካረፉት ጋር አንሥቼው አላውቅም። እናንተ ሳትነግሩኝ ከዚያ ወደዚህ አላዛውረውም።»

«እርስዎ ግን ምን ይመስልዎታል አባ?» አልኳቸው።

«እኔ የተነገረኝን ነው የምጸልይ» አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ስሳለም ጎንበስ ብለው «ግን ልጄ፣ መንገዱ ረዘመ» አሉኝ። ወንድሙ የተናገሩት ሁሉ አላሳመመኝም፤ ይችኛዋ ቃል ግን ውስጤ ገብታ ስትፈጨኝ ሰነበተች።

ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ገበያ ውዬ ስመለስ፣ ዕቃውን አስቀምጬ ቀና ብል ቁም ሳጥኑ ላይ ምንም የለም። ጀልባውም ጣሳውም የሉም። ቦታውን በእጄ ዳሰስኩት። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቴ ካቻቢቴውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ጀልባው ተከፍቷል። ረጅሙን ሞተር አስገብቶ፣ ባለ ሦስት ሰፋፊ ክንፉን ፕላስቲክ ገጥሞ፣ ዘንጉን ደግሞ ፕሮፔለሩ ፈጽሞ አየር እንዳያይ አድርጎ ወደ ታች አውርዶታል። የርብ ዳር ፓምፕ አደረገው።

ማን ንካ አለህ ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይሄን? ለልጄ የመረጥክለት ይሄን ነው?»

«ጉልበት አለው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ጉልበት ምን ያደርግለታል? ሩዝ ሊያጠጣ ነው?»

«ሳር ቢጠመጠምበት በጥሶት ያልፋል።»

«መጀመሪያ መቼ ተንቀሳቀሰና ነው ሳር የሚጠመጠምበት? ፕሮፔለሩን ቀብረኸዋል እኮ።»

«አየር ይስባል።»

«ይሳብ። ልጁ ይሳብ ነው ያለው።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠና «እንግዲያው ውሃ ይፍረደን» አለ። ጀልባውን በብብቱ፣ ጣሳውንና ሪሞቱን በፌስታል ይዞ ወጣ። እኔም የገበያ ልብሴን እንኳ ሳልለውጥ እየተነጫነጭኩ ተከተልኩት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለመንገድ ሥራ አፈር ያወጡበት ሰፊ ጉድጓድ አለ። በክረምት ይሞላና ኩሬ ይሆናል። ዙሪያውን ሩዝ ነው። ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ያርማሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መጫወቻ ይዘው ሲመጡ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባለቤቴ ጀልባውን ውሃ ላይ አኑሮ ሪሞቱን ነካ። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አነሣ፣ ጭራው ሰጠመ፣ ጭቃ እንደያዘው በሬ ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ዳዴ አለ። የኩሬውን ግማሽ እንኳ ሳይደርስ መለሰው። አውጥቶም ልማዱን አደረገ፤ ማንኛውም ሞተር ሲነሣና ሲቆም እንደሚያደርገው፣ ትኩሳት እንዳለው ልጅ መዳፉን ሙሉ አስደገፈበት። ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

«እንዴት ነው?» አልኩት። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ጣሳውን ወዲህ በል» አልኩት።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጣሳውን ራሴ ከፈትኩት። አጭሩን ሞተር አወጣሁ። ናሱን አወጣሁ። ባለቤቴ ረጅሙን ሞተር ሲፈታ ቡሎኖቹን እጄ ላይ እያጠራቀምኩ፣ ቮልቱን በዙሩ እያባዛሁ፣ ስለ ጥምዙ፣ ስለሚጎትተው ውሃ ሁሉ ነገርኩት። አላቆምኩም። ልጁ ማንኪያዬን እያዞረ የነገረኝ ሁሉ አንድም ሳይቀር ከአፌ ይወጣ ነበር። ባለቤቴ ያልኩትን ያደርጋል። «ዘንጉን ወደ ላይ» እለዋለሁ፣ ያነሣዋል። «ከዚህ በላይ?» ይለኛል። «ክንፉ ግማሹ እስኪታይ ድረስ» እለዋለሁ። መገጣጠሚያዋን ቦታዋ ላይ ያስገባኋት በጣቶቼ እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን ተከራክሬ አሸንፌው አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻዋን ቡሎን ሊያጠብቅ ሲል እጁ ቆመ። ጀልባውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ዓይኑ ሞልቷል። «ላጥብቀው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ ያደረገው ሙከራ ነበር፤ አልሆነም ብሎ ፈትቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ሊመልሰው ይችል ነበር። እኔ ግን ልጄ ስመለስ እመርጠዋለሁ ያለውን፣ እሱ ሊመርጠው የነበረውን አውቄ መረጥኩት። ይመለሳል ብዬ ከሰው የተጣላሁለት ልጅ ቦታ ላይ ራሴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንድሙ ያቃታቸውን፣ ቄሱ ያልደፈሩትን፣ በገዛ ምላሴ፣ ባል ለመርታት ስል ፈጸምኩት። ፍታው ማለት እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«አጥብቀው» አልኩት።

አጠበቀውና ውሃው ላይ አኖረው። ጀልባው መጀመሪያ ትንሽ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ሆዱ ከውሃው ተነሣ። ከኋላው ነጭ ውሃ እየረጨ ኩሬውን ከዳር እዳር ሰነጠቀው፤ መዞሪያው ላይ ዘንበል ብሎ ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ልጄ እንዳለው ሆነ። አንድም የተሳሳተው ነገር አልነበረም። እንዴት ያምር እንደነበር መናገር አልችልም፤ ማማሩ ነው የጎዳኝ፤ ይህን ማየት የነበረበት ሰው እኔ አልነበርኩም።

ባለቤቴ ወደ ዳር አምጥቶ አነሣው። መዳፉን ሞተሩ ላይ አስደገፈ። አልሰበሰበውም።

«አልጋለም» አለ። «ልክ ነሽ።»

እጁን ከሞተሩ ሳያነሣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። እሱን ላነሣ ጎንበስ እንዳልኩ አስታውሳለሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞር እንዳልኩም አስታውሳለሁ። የራሴ ነበር። የሚያርሙት ሴቶች ከሩዙ መሀል ቀና ቀና አሉ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የሰማ ማን ነው ብሎ አይቆምም፤ እየሮጠ ይመጣል። ነጠላቸውን ከወገባቸው እየፈቱ፣ ጭቃ በነካው እጃቸው ጥለቱን ወደ አንገታቸው እያዞሩ፣ ውሃውን እየጣሱ መጡ። ሳያውቁኝ አብረውኝ አለቀሱ። ከመሀላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት አጠገቤ ተቀምጠው ራሴን ደረታቸው ላይ አስደገፉኝ። ልብሳቸው የሩዝ ውሃ ይሸታል።

«ማን ነው እቴ?» አሉኝ፣ ትንሽ ስረጋ። «ማን ሞተባችሁ?»

«ልጄ» አልኳቸው። «ልጄ ሞተብኝ።»